ሳትበላ አይነገራትም

በሆቴሉ ክፍል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃው ይንዠቀዠቃል፤ የሚታጠብ ሰው ግን የለም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ያወቀችው ከድምፁ ነው። ሰው የሚታጠብበት ውሃ ይቆራረጣል፣ ገላ ላይ አርፎ ይንጠባጠባል፤ ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ባዶ ገንዳ ይደበድባል። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ በባልዲ ቆጥባ የኖረች ሴት ናትና አልቻለችም። ከዚያ አራት ሰው ከሚያስተኛው አልጋ ወርዳ፣ በባዶ እግሯ ምንጣፉን አቋርጣ፣ ልጅዋን "ዝጊው እንጂ፣ ውሃ እኮ ነው" ልትላት እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። እጇ በሩን ሳይነካ የልጅዋን ድምፅ ሰማች። ድንቡሼ ከወንድሟ ጋር ስልክ ላይ ነበረች።

"አልነገርኳትም አልኩህ እኮ! ገና መንቃቷ ነው፣ ምንም አልቀመሰችም። በባዶ ሆዷ ልንገራት? ... ስማ፣ ስማኝ፣ ሳልነግራት ቁልፉን ለሰውዬው እንዳትሰጠው። ... አውቃለሁ፣ እስከ ማታ ካልተረከብኩ ገንዘቤን መልሱ ማለቱን አውቃለሁ። ቁርስ ላይ እነግራታለሁ። ብቻ ሳይነገራት ቤቱን አታስረክብ። በአባዬ አጥንት ማልልኝ። ... እሺ። እሺ፣ በቃ።"

ሰፊዋ እጇን ሰበሰበች። ትንፋሿን ውጣ፣ ወለሉ እንዳይንቋቋ በእግር ጣቶቿ እየረገጠች ወደ አልጋው ተመለሰችና ብርድ ልብሱን እስከ አገጭዋ ሳበች። የሰረቀችው እሷ የሆነች ይመስል ልቧ ይመታል። ቤቱ የተባለው የእሷ ቤት ነው፤ ሌላ ቤት የላቸውም። ሁለት ክፍል፣ ከጀርባው ልብስ የሚሰጣባት ጠባብ ጓሮ፣ በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ሥር ደግሞ የስፌት ማሽኗ። ሠፈሩ ሁሉ ሱሪውን የሚያሳጥረው፣ ልጁን ዩኒፎርም የሚያስለካው እዚያች መስኮት ላይ ተደግፎ፣ ወሬ እያወራ ነው። ቤቱ በትልቁ ልጅዋ ስም ከዞረ ቆይቷል። ያኔ ሱቅ ሊከፍት ሲል ባንኩ መያዣ ጠየቀው፤ "ያው የሁላችን አይደል" ብላ እሷው ናት ያዞረችለት። አሁን ሱቁ እንዳልሆነለት ታውቃለች። እንዲህ ይሆናል ብላ ግን አንድም ቀን አላሰበችም።

ለምን በሩን በርግዳ ገብታ "ምንድነው የምሰማው?" እንዳላለች ለሌላ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። በዚያ ቤት ግን ክፉ ወሬ መንገድ አለው። ሟቹ ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። እናቱ ከሥራ ውላ፣ እህል በአፏ ሳይዞር የወንድሟን ሞት ሰምታ በቁሟ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆነችም። ስለዚህ ትዳር በያዘ በመጀመሪያው ቀን ያወጣው ሕግ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ይበላ፣ ከዚያ ይነገር። የሚናገረው ሰው ደግሞ ከሚሰማው በፊት አይቀምስም። ልጆቹ በዚህ አደጉ። ትልቁ ልጅ ፈተና የወደቀ ቀን ከትምህርት ቤት ሲገባ ሳይታዘዝ እጅ ያስታጥባል፣ ሳህን ያቀርባል፤ እሷም "ስንት ትምህርት ነው?" ብላ ትጠይቀዋለች ገና ሳትጎርስ። ባሏ ከሥራ የተቀነሰ ለት በእጁ አጉርሷት ነበር። የሞተ ለት ደግሞ ሁለቱ ልጆች ግራና ቀኝ ተቀምጠው አንድ ሳህን ሾርባ እስከ ሥሩ አስጠጧት። ያን ሾርባ ስትጠጣ ታውቅ ነበር። እያወቀች ጨረሰችው፤ ምክንያቱም እስክትጨርሰው ድረስ በሕይወት ነበረ።

አሁንም በአልጋው ላይ ሆና ነገሩን ልብስ እንደሚለካ ሰው አንድ በአንድ ገጣጠመችው። ካልበላች አይነገራትም። ካልተነገራት ቁልፉ አይሰጥም። ቁልፉ እስከ ማታ ካልተሰጠ ሰውዬው ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። ትልቁ የፈለገ ቢሆን በአባቱ አጥንት ምሎ አያፈርስም። ገለባብጣ አየችው፤ የሚጎድለው ነገር አላገኘችበትም። ስለዚህ ዛሬ አትበላም። አንድ ቀን ነው። ስንት ቀን ሳትበላ ውላ ልጆች አሳድጋለች!

ድንቡሼ ደረቅ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች። ድንቡሼ የተባለችው በሕፃንነቷ ጉንጯ ለሁለት ልጅ ይበቃ ስለነበረ ነው፤ ዛሬ እንኳንስ ጉንጭ፣ አንገቷም ቀጥኗል። ሆዷ ብቻ ትንሽ ገፋ ብሏል፤ አምስተኛ ወሯ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። "እማዬ፣ ነቃሽ እንዴ? ተነሺ ቁርስ እንውረድ፤ ሆቴሉ የሚታወቀው በቁርሱ ነው አሉ" አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። ድምፁ የሾርባው ድምፅ ነበር።

ክፍሉ ለሁለት ሰው መኝታ ሳይሆን ለሠርግ የሚበቃ ነው። አልጋው አራት የተጠረበ ዓምድ አለው፤ ከዓምዶቹ ላይ መጋረጃ ወርዶ ሰው በመኝታው ውስጥ ሌላ ቤት ያለው ያስመስለዋል። ጣሪያው ላይ አበባ ተሥሏል። ወለሉ የጥንት እንጨት ስለሆነ በረገጡት ቁጥር ያቃስታል፤ ሆቴሉም በዚህ ይኮራል፤ በር ላይ "ወለላችን ይናገራል" የሚል ተለጥፏል። ግቢው የጥንት ባለርስት መኖሪያ ነበር፤ ከከተማው ብዙ ርቆ፣ በደን ተከቦ፣ ከኩሬና ከፈረስ ጋጣ ጋር። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ልጆችዋ አብረው መጥተው የዚህን ቦታ ሥዕል በስልክ ሲያሳዩዋት፣ "እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳታርፊ አረጀሽብን፤ ሂሳቡን ተካፍለን ከፍለናል" ሲሏት፣ ስለ ቦታው አልሰማችም። የሰማችው አብረው መምጣታቸውን ብቻ ነው። እነዚህ ልጆች ከአባታቸው ሞት ወዲህ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም። ማን ሐኪም ቤት ይውሰዳት በሚለው እንኳ ተጣልተው ብቻዋን በአውቶቡስ ሄዳለች። ተስማምተው ስታያቸው ደስ አላትና ለምን እንደሆነ መጠየቁን ረሳችው።

ከመምጣቷም በፊት ቤቷን እንደ ልማዷ አዘጋጀች። መንገድ የሚወጣ ሰው አይታወቅም፤ ሄዶ ቢቀር ጎረቤት ገብቶ የቆሸሸ ቤት እንዳያይባት ሁልጊዜ ትፈራለች። እና ወለሉን በሳሙና ፈተገች፣ መጋረጃውን አጥባ ሰቀለች፣ የስፌት ቁርጥራጩን በከረጢት አሰረች፣ ልብሷን አጣጥፋ በሻንጣ ከተተች፣ የተሰነጠቀውን መስታወት አወረደች። ትልቁ ሊሸኛት ሲመጣ ዙሪያውን አይቶ "እማዬ፣ ምን አደከመሽ!" ብሎ ዓይኑን ሰበረ። ሥራ እንዳቀለለችለት አሁን ገባት። የቀረው ዕቃ ማውጣት ብቻ ነው፤ እሱንም እሷ አስራ አዘጋጅታለታለች።

ቁርሱ የሚቀርበው ባለርስቱ እንግዳ ይቀበልበት በነበረው አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ የታደኑ እንስሳት ቀንዶች ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸው ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ በየዓይነቱ፣ ክብ፣ ረጅም፣ ጥቁር፣ ፍሬ የተነሰነሰበት። ማር ከነሰፈፉ። ዕንቁላል በአምስት ዓይነት ተሠርቶ። ስሙን የማታውቀው ፍሬ፣ ቀይ፣ ተቆርጦ እንደ አበባ የተደረደረ። የዳቦው ሽታ ገና ከደረጃው ጀምሮ ባሏን አስታወሳት፤ ሌሊት ሠርቶ ሲመጣ ኮቱ እንዲህ ይሸት ነበር። ሆዷ እንደ ድመት ጮኸ። ድንቡሼ ሳህን ሞልታ አመጣችላት፤ ለራሷ ምንም አላነሳችም።

"ሆዴን ቆረጠኝ" አለች ሰፊዋ። "ሻይ ብቻ።"

"ከሻዩ ጋር ትንሽ ዳቦ ቅመሽ።"

"እንቢ አለኝ ልጄ። የመንገዱ ይመስለኛል።"

ሻይ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው በዚያ ቤት የተፈረደበት ጉዳይ ነው። ትልቁ አንዴ የጎረቤት መስታወት ሰብሮ፣ እናቱ ሻይ ስትጠጣ አጋጣሚ ነው ብሎ ሊነግራት ሲል አባትየው "ካልታኘከ አልተበላም፤ ውጣና ስትበላ ተመለስ" ብሎ አባሮታል። ስለዚህ ሰፊዋ ሻይዋን ያለ ሐሳብ ጠጣች፤ ስኳሩን ግን አራት ጨመረች። ድንቡሼ ሹካዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ነጭ ጓንት ያጠለቀው አስተናጋጅ መጥቶ ያልተነካውን ሳህን አየ፤ ወሬ የሚወድ፣ ፈገግታው የማያልቅ ሰው ነው።

"እማማ፣ እኛን ሊያስወቅሱ ነው እንዴ? ዋና አብሳዩ ሳህን ሙሉ ሆኖ ሲመለስ ይታመማል።"

"እጁ ይባረክ በለው። ሆዴን ነው ልጄ።"

"ቢበሉም ባይበሉም ተከፍሏል እኮ! እኔ ብሆን ነገ የምበላውን ጭምር ዛሬ እበላው ነበር።" ሳቀ። እናትና ልጅ ግን አልሳቁም።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ድንቡሼ ገልብጣ በአፉ ደፋችው።

ከቁርስ በኋላ እንግዶቹ የጥንቱን ቤት እንዲጎበኙ ተጠሩ። አስጎብኚዋ ድምፀ ቀጭን ሴት ናት፤ በየክፍሉ ቆማ ይሄ በስንት ዓመቱ ተሠራ፣ ያ ከየት መጣ ትላለች። ሰፊዋ ከኋላ ከኋላ ትጎተታለች። ሰዎቹ ግድግዳ ይዳብሳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። እሷ በሐሳቧ መስኮቷ ሥር ናት፤ ማሽኗን ሁለት ሰው ሲያነሳው፣ እግሩ በሩ ላይ ሲያስቸግራቸው ይታያታል። ያ ማሽን ወደ ግራ ካልዘመመ በዚያ በር አይወጣም። ይህን የሚያውቅ ባሏ ብቻ ነበር። መጨረሻ ላይ አስጎብኚዋ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል አስገባቻቸው፤ በመካከሉ ቀይ ገመድ ተዘርግቷል።

"ይህ የመጨረሻዋ እመቤት ክፍል ነው" አለች። "በዚህች ክፍል አርጅታ በዚህች ክፍል ሞተች። እንዳለ ነው፤ ማበጠሪያዋ፣ ነጠላ ጫማዋ፣ ያቺ አፏ የተሸረፈ ሲኒ ሳትቀር። ማንም አይነካውም። አቧራውን እንኳ የሚያራግፈው አንድ ሰው ነው።"

እንግዶቹ "ውይ!" እያሉ ሲኒዋን አዩ። ሰፊዋ ያየችው ወንበሩን ነው። በመስኮቱ ሥር፣ ወደ ግቢው ዞሮ፣ መቀመጫው በአንድ ሰው ገላ ጎድጉዶ። ራሷ ዞረባት። የሆነው ነገር ምን እንደሆነ በኋላ ስታስበው እግሯ ነው የወሰዳት፤ ገመዱን ተሻግራ ሄዳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

"እማማ! እማማ፣ እዚያ መቀመጥ ክልክል ነው!"

"ባለቤቷ ትቆጣለች?"

ሰዎቹ ሳቁ። አስጎብኚዋ አልሳቀችም። "ልጆችዋ ቤቱን ለሆቴሉ ሲሸጡ ውል አስገብተዋል። ክፍሉ እንዳይነካ ብለው። እባክዎ ይነሱልኝ፣ እኔ ነኝ የምጠየቀው።"

"ልጆችዋ ናቸው የሸጡት?"

"አዎ። እሷ ካረፈች በኋላ ነው እንጂ።"

ሰፊዋ ተነሳች። "እንግዲያው ጥሩ ልጆች ናቸው" አለች፤ ይህን ያለችው የምሯን ነው። ድንቡሼ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እናቷ ስትወጣ ክንዷን ያዘቻት፣ ዓይኗን ግን አላየቻትም። በኮሪደሩ ላይ ወለሉ ለሁለቱም እያቃሰተ ሄዱ። አንደኛዋ የሰማችውን እንዳልሰማች፣ ሌላኛዋ የምትናገረውን እንደማትናገር ሆነው፤ መናገር ያለበት ነገር ሁሉ በመካከላቸው እንደ ሦስተኛ ሰው ይሄድ ነበር።

ምሳ ሣሩ ላይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ቀረበ። ዓሣ ነበር፣ በቅቤ የተጠበሰ፣ ድንች አጅቦት፤ ከጎኑ የዋጋው ዝርዝር በወርቃማ ወረቀት ተቀምጧል፤ ለእነሱ የተከፈለ ቢሆንም ሰፊዋ የአንዱን ዓሣ ዋጋ አይታ ስንት ሱሪ እንደምታሳጥርበት ማሰብ ጀመረችና ተወችው። አጠገባቸው ባልና ሚስት ልጃቸውን በማንኪያ ያባብላሉ። "አውሮፕላን መጣ፣ አፍሽን ክፈቺ።" ድንቡሼም የምታደርገው ያው ነበር፤ ዓሣውን አጥንቱን ለይታ፣ ቆራርሳ፣ ወደ እናቷ ሳህን ገፋችላት።

"አንድ ጉርሻ። ለኔ ስትዪ።"

"አልችልም አልኩሽ።"

"እማዬ፣ እልህ ነው? ምን አድርጌሽ ነው? ከጠዋት ጀምሮ እኮ ፊትሽን አጥቁረሽብኛል።" ድምፅዋ ተሰበረ። "ለአንቺ ብለን ነው እዚህ ያመጣንሽ።"

ሰፊዋ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አውቃለሁ፣ ሰምቻለሁ፣ ቤቴን አታስወስጂብኝ፣ ለወንድምሽ ደውዪና ተው በዪው፤ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ ልትል አፏን ከፈተች። ግን ከተናገረች ነገሩ የተነገረ ይሆናል። የተነገረ ነገር ደግሞ ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ አፏን ዘጋችና ድንጋይ እንደ መንከስ ጥርሷን ነከሰች። ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ የትልቁ ስም ነበር። ድንቡሼ ቆረጠችው። ወዲያው ደግሞ ደወለ። ድንቡሼ "ምን አጣደፈው! ይቆይ እንጂ!" ብላ ስልኩን አጠፋችውና ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው። ሰፊዋ ይህን ስታይ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ ወረደ። ልጁ ይጨነቃል፤ ቁልፉን ይዞ ይጠብቃል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላው አልገፋ አለ። ሰፊዋ ፀሐይዋን በዓይኗ እየገፋች በኩሬው ዙሪያ ተራመደች። ረሃብ መጀመሪያ ሆድ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጉልበቷ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ዓይኖቿ ወጣ፤ ዳክዬዎቹ አንዴ ሁለት አንዴ አራት ሆነው ይታዩአታል። ቢሆንም ልቧ ቀለል ብሏት ነበር። በሐሳቧ ወደ ቤቷ ተመልሳለች፤ ማሽኑን ወደ ቦታው መልሳ፣ መስታወቱን ሰቅላ፣ ልጁን "ዕዳህን አብረን እንከፍላለን፣ ቀንም ሌሊትም እሰፋለሁ" እያለችው ነበር። ለድንቡሼ ልጅ የምትሰፋውን ትንሽ ልብስ ጨርቅ ሁሉ መርጣለች። ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጫፍ ደረሰች። ትንሽ ቀረ።

ያኔ ነው ድንቡሼ ደረጃው ላይ የወደቀችው። መውደቅ እንኳ አይባልም፤ ከእናቷ ኋላ ወደ በረንዳው ስትወጣ እንደ እርጥብ ልብስ ተጣጥፋ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ነጥቷል፣ ግንባሯን ላብ አጥምቆታል፤ ሁለት እጇ ሆዷን ይዟል።

"ድንቡሼ! ድንቡሼዬ! ምን ሆንሽ? አመመሽ? ደም አለ?"

"የለም... ዞረብኝ ብቻ።"

"ምን በልተሻል ከጠዋት?"

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። "አንቺ ሳትበዪ?"

ሰፊዋ በዚህ ረገድ አስባው አታውቅም ነበር። ሕጉን ሙሉ ቀን ስታስበው ውላ፣ የሚናገረው ሰው እንደማይቀምስ ዘንግታው ነበር። ልጅዋ ያን ሁሉ ዳቦ፣ ያን ሁሉ ዓሣ እያየች፣ በሆዷ ነፍስ ይዛ፣ እሷን ስትጠብቅ ነው የዋለችው። ከደረጃው ጎን ተንበርክካ የልጅዋን ሆድ በመዳፏ ዳበሰች። ሁለቱን ጊዜ አስታወሰች፤ ሁለቱንም ጊዜ ለእሷ ሾርባ አቅርበው የነገሯትን። ሦስተኛ ሾርባ እንዳይመጣ ፈራች። ፀሐይዋን አላየችም። ቤቱንም አላየችም።

"አንተ ልጅ!" ብላ አስተናጋጁን በጩኸት ጠራችው። "ያለህን አምጣልን! ቶሎ! ሾርባም ቢሆን፣ ዳቦም ቢሆን፣ ከምሳ የተረፈም ቢሆን!"

በረንዳው ላይ ትራስ ያለው ወንበር አስጠግቶ ሾርባውን ከነድስቱ ይዞ መጣ፤ ዳቦ፣ ቅቤ፣ የቀዘቀዘ ዶሮ። "እሰይ እማማ! ዋና አብሳዩ ሊያለቅስ ነው" እያለ። ሰፊዋ ማንኪያዋን አነሳች። ዳቦውን ቆርሳ፣ ልጅዋ እያየቻት፣ አኘከችው፤ እንዳይረሳ፣ እንዳያጠራጥር፣ ደህና አድርጋ አኘከችው፤ ዋጠችው። "በላሁ" አለች። "ይኸው በላሁ። በዪ አንቺም።"

ድንቡሼ እንደ ሕፃን ሁለት እጇን ሳህኑ ላይ አድርጋ በላች። ሰፊዋም በላች፤ ምግቡ ጣፋጭ ነበር፣ ይህ ደግሞ አናደዳት። የልጅዋ ከንፈር ቀስ በቀስ ቀለሙ ሲመለስ እያየች ጠበቀች። ሳህኖቹ ሲጋመሱ ድንቡሼ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"እማዬ..."

"ንገሪኝ።"

"ቤቱ ተሸጠ። ሱቁ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ባንኩ ሊወስደው ነበር፤ ከሚወሰድ ይሸጥ ተባባልን። የተረፈውን ተካፍለነዋል። እኔም ድርሻ ወስጃለሁ፣ አልዋሽሽም፤ ለልጁ ብዬ፣ ያለንበት ክፍል እርጥበት ነው።" ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አለችው። ከዚያ የእናቷን ፊት አየች። እዚያ ፊት ላይ ድንጋጤ አልነበረም። "እማዬ? ታውቂ ነበር?"

"ጠዋት ሰምቼሻለሁ። ውሃውን ዝጊ ልልሽ መጥቼ።"

"እና ለዚህ ነው... ለዚህ ነው ሳትበዪ የዋልሽው?" ድንቡሼ አፏን በእጇ ያዘች። "ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቃል ብትዪኝ! እኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ይቅር እያልኩ ነው ያደርኩት። አልፈልግም ብትዪኝ እደውልለት ነበር!" ቦርሳዋን ገለበጠችው፤ ስልኩን ፈልጋ አበራችው። "ቆይ። አልመሸም። ሰውዬው እስከ ማታ ነው ያለው። አትስጠው እለዋለሁ። ገንዘቡን እመልሳለሁ፣ የኔን አልነካሁትም።"

ሰፊዋ የልጅዋን ክንድ ያዘች። ሁለት ዓይኗ ስልኩ ላይ ነበር። ጠራ። ጠራ። ተነሳ።

"ስማ፣ ነገርኳት። ቁልፉን እንዳትሰጠው፣ እንተወው፣ እኔ... ምን?" ድንቡሼ ብድግ አለች። "መቼ? ... ማልከኝ እኮ! በአባዬ አጥንት ማልክልኝ! ... ለዚህ ነበር የምትደውለው?" እጇ ከነስልኩ ቀስ ብሎ ወረደ። ከስልኩ ውስጥ የትልቁ ድምፅ "ሰውዬው አልጠብቅም አለኛ! ምን ላድርግ!" ሲል ይሰማል። ከዚያ ተቋረጠ።

"መቼ ነው የሰጠው?" አለች ሰፊዋ።

"ምሳ ሰዓት አካባቢ።"

ምሳ ሰዓት ዓሣው ፊቷ ቀርቦ ነበር። አፏን ከፍታ የዘጋችበት ሰዓት ነው። እስከዚያ ድረስ ግማሽ ቀን ሙሉ ቁልፉ በትልቁ ልጅዋ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ግማሽ ቀን ሙሉ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሰፊዋ ይህን በልቧ አንዴ አለችው፤ ሁለተኛ ልትለው አልደፈረችም። በሣሩ ላይ አንድ ሠራተኛ ወንበሮቹን እየሰበሰበ ነበር።

"እሺ" አለች ሰፊዋ። "እኔስ የት ነው የምገባው? አንቺ ጋ ነው እሱ ጋ?"

ድንቡሼ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

"ልጄ፣ በልቻለሁ እኮ። ንገሪኝ።"

"እሱን... እሱን ገና አልተስማማንበትም እማዬ።"

ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ሰው ሰዓቱን ጠይቆ እንደነገሩት ያህል። የልጅዋ ሳህን ግማሹ እንደተሞላ ነበር፤ ሾርባው ላይ ቅባቱ መርጋት ጀምሯል። ወደ ልጅዋ አስጠጋችላት፣ ማንኪያውን በእጇ አስያዘቻት።

"ጨርሺው" አለቻት። "ሳይቀዘቅዝ።"

ድንቡሼ እንባዋ እየወረደ አንድ ማንኪያ አነሳች። ሰፊዋ እስክትውጠው ድረስ አየቻት፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ጠበቀች።